ኃይል ቆጣቢ ዘዴዎችና የቤተሰብ ሁኔታ፦ ማን ቀድሞ ይጠቀማል፣ ማንስ ወደኋላ ይቀራል?

በኢትዮጵያ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎችን ለኅብረተሰቡ የማስተዋወቅ ሥራ በስፋት ከተጀመረ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። ላቀች በመባል የሚታወቀው የከሰል ምድጃም ሆነ ምርጥ የተሰኘው የእንጀራ መጋገሪያ ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬም በአንድ መንደር ጎን ለጎን ከሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች አንደኛው በቆጣቢ ምድጃ ሲገለገል ሌላው በሦስት ጉልቻ ማብሰሉን ሲቀጥል ይስተዋላል።

ለልዩነቱ አዘውትሮ የሚሰጠው ምክንያት የግንዛቤ እጥረት ነው። ግንዛቤ የራሱ ድርሻ ያለው መሆኑ ባያጠያይቅም፣ ብቻውን ግን ልዩነቱን ሊያስረዳ አይችልም። የቤተሰብ አባላት ብዛት፣ የገቢው መጠንና የሚገኝበት መንገድ፣ የአባወራው ወይም የእማወራዋ ዕድሜና የትምህርት ደረጃ እንዲሁም የቤት ባለቤትነት አንድ ቤተሰብ ቆጣቢ መሣሪያ በመግዛቱ ወይም ባለመግዛቱ ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ አላቸው። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ደግሞ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይገኛል። ይኸውም ወጪውን የሚሸፍነው፣ ውሳኔውን የሚሰጠውና ከቁጠባው የሚጠቀመው ወገን አንድ ነው ወይስ የተለያየ? የሚለው ነው። ሦስቱ በአንድ ሰው እጅ ሲገኙ መሣሪያው ያለ ብዙ ችግር ወደ ቤት ይገባል። ሲለያዩ ግን ቁጠባው ከሌላው ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ቤተሰቦች ወደኋላ ይቀራሉ።

በአገሪቱ የሚታወቁ የቁጠባ ዘዴዎች

በአገሪቱ ከሚታወቁት ዘዴዎች መካከል ቀዳሚውን ሥፍራ የሚይዙት ምድጃዎች ናቸው። ላቀች በውስጡ የሸክላ ሽፋን ያለው የከሰል ምድጃ ሲሆን፣ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነፃፀር የከሰል ፍጆታን በአንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። ምርጥ በበኩሉ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከመሰል ቅይጥ ተሠርቶ የሚገጣጠም የእንጀራ መጋገሪያ ነው። እሳቱን ከምጣዱ ሥር ከልሎ ስለሚይዝ፣ በክፍት እሳት ከሚደረገው ጋገራ አንፃር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ እንደሚቆጥብ በሙከራ ተረጋግጧል። ከሸክላ የሚሠራው ጎንዜና ለወጥና ለመሰል ምግቦች ማብሰያ የሚያገለግለው ትክክልም በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ ተስፋፍተዋል።

በኤሌክትሪክ በኩል ደግሞ ክር ያላቸውን የቀድሞ አምፖሎች በኃይል ቆጣቢ አምፖሎች፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በኤልኢዲ አምፖሎች መተካት ዋነኛው ዘዴ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድን በአግባቡ መጠቀምም ከፍተኛ ትርጉም አለው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 ነጥብ 5 እስከ 4 ኪሎዋት ኃይል ይወስዳል። ባለ 3 ነጥብ 5 ኪሎዋት ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 5 ነጥብ 25 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ይህ መጠን ባለ 11 ዋት ኃይል ቆጣቢ አምፖል በቀን ለአምስት ሰዓታት ቢበራ ከሦስት ወራት በላይ የሚያገለግል ነው። በመሆኑም በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ስለ ኃይል ቁጠባ ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚነሳው ጉዳይ እንጀራ ነው።

መንግሥትም ለጉዳዩ ትኩረት ሰጥቶ ቆይቷል። እ.ኤ.አ በ2011 ይፋ የሆነው የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የቆጣቢ ምድጃዎችን ስርጭት በቅድሚያ ከሚተገበሩ አራት ተግባራት አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመንም እስከ 2007 ዓ.ም ድረስ 9 ሚሊዮን ምድጃዎችን ለማሰራጨት ታቅዶ ነበር። በ2006 ዓ.ም የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 የኃይል ቁጠባን በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ አስገብቷል።

የቤተሰብ ብዛት

በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በኢትዮጵያ አንድ ቤተሰብ በአማካይ 4 ነጥብ 6 አባላት አሉት። አኃዙ በከተማ 3 ነጥብ 5 ሲሆን በገጠር 4 ነጥብ 9 ይደርሳል። ይህ ልዩነት በኃይል አጠቃቀም ረገድ ቀላል አይደለም።

ምጣድ ሲጣድ፣ የመጀመሪያው እንጀራ ከመጋገሩ አስቀድሞ የሚባክን ቋሚ ኃይል አለ፤ ምጣዱን ለማሟሟቅ የሚውለው ማለት ነው። ለስሌት እንዲያመች ባለ 3 ነጥብ 5 ኪሎዋት ምጣድ ለመጋል 15 ደቂቃ፣ እያንዳንዱ እንጀራ ደግሞ 3 ደቂቃ የሚፈጅ ቢሆን፣ 10 እንጀራ የሚጋግር ቤት ለአንዱ እንጀራ 0 ነጥብ 26 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል። 30 እንጀራ በአንድ ጊዜ የሚጋግር ቤት ግን ለአንዱ የሚያወጣው 0 ነጥብ 20 ብቻ ነው። ትልቁ ቤተሰብ ለእያንዳንዱ እንጀራ ከትንሹ ቤተሰብ ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ ያነሰ ኃይል ይጠቀማል ማለት ነው። እንጀራ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ከጥቂት ቀናት በላይ ስለማይቆይ፣ ትንሹ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ብዙ ጋግሮ ማስቀመጥም አይችልም።

የቤተሰብ ብዛት በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ይሠራል። በአንድ በኩል ብዙ አባላት ያሉት ቤተሰብ ብዙ ማገዶ ስለሚያነድ ከቆጣቢ ምድጃ የሚያገኘው ጥቅም ከፍተኛ ነው፤ የምድጃውም ዋጋ በአጭር ጊዜ ይመለስለታል። በሌላ በኩል ደግሞ አባላቱ በበዙ ቁጥር ገቢው ለምግብ፣ ለልብስና ለትምህርት ቤት ወጪ ስለሚከፋፈል ለምድጃ የሚተርፈው ገንዘብ አነስተኛ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ማገዶ የሚለቅሙ ልጆች የበዙበት ቤት የማገዶን ውድነት የሚያስተውለው ዘግይቶ ነው። በየአገሩ የሚደረጉ ጥናቶች ስለ ቤተሰብ ብዛት የተለያየ ውጤት ላይ መድረሳቸው የሚያስገርም የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ ሠራተኞችና ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ገጽታ ያሳያሉ። ለእነዚህ ሰዎች ምጣድ መግዛት አዋጭ ስላልሆነ እንጀራን ከገበያ ይገዛሉ። በዚህም የኃይል ፍጆታው ከቤታቸው ወጥቶ ወደ እንጀራ ጋጋሪዋ ቤት ይሸጋገራል። እንዲህ ያለው ቤተሰብ በተበራከተበት አካባቢ ቁጠባን ለማምጣት ውጤታማው መንገድ በየቤቱ ማንኳኳት ሳይሆን፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶችንና ማኅበራትን የተሻለ ምጣድ ባለቤት ማድረግ ነው።

ገቢና የገቢው አመጣጥ

እ.ኤ.አ በ2013 የታተመ በኢትዮጵያ ከተሞች ላይ ያተኮረ ጥናት፣ የቆጣቢ ምድጃዎች ተጠቃሚነት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ መምጣቱንና ለዚህም ገቢና ሃብት ከፍተኛ አስተዋጽኦ እንዳላቸው አረጋግጧል። ቤተሰቡ ሌሎች አማራጭ መሣሪያዎች ያሉት ከሆነ ቆጣቢ ምድጃውን የሚይዝበት ፍጥነት እንደሚቀንስም ጥናቱ አመልክቷል።

ሆኖም የገቢው መጠን ብቻ ሳይሆን አመጣጡም ወሳኝ ነው። የወር ደመወዝተኛ ከደመወዙ ቀንሶ ምድጃ ወይም አምፖል ለመግዛት ማቀድ ይችላል። በቀን ሥራ የሚተዳደር ወይም በጉልት ገበያ የሚቸረችር ቤተሰብ ግን ከሰልን በጆንያ ሳይሆን ከዕለት ገቢው ቀንሶ በመደብ ወይም በላስቲክ ይገዛል። በዚህ አኳኋን የሚገዛ ከሰል በጆንያ ከሚገዛው ይልቅ በአንፃሩ ውድ በመሆኑ፣ ድኻው ቤተሰብ ለተመሳሳይ ሙቀት የበለጠ ይከፍላል። ከቁጠባው ሊያገኘው የሚችለው ጥቅም ከሀብታሙ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ጊዜ የሚከፈለው የምድጃ ዋጋ ግን በሩን ይዘጋበታል።

የአገልግሎት ዋጋም እንዲሁ ውሳኔን ይቀይራል። ከእ.ኤ.አ 2006 እስከ 2018 ድረስ በሥራ ላይ በነበረው ታሪፍ በመጀመሪያው እርከን ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለው 27 ነጥብ 3 ሳንቲም ነበር። ባለ 60 ዋት አምፖልን በባለ 11 ዋት የተካ ቤተሰብ በቀን አምስት ሰዓት ቢያበራ በወር 7 ነጥብ 35 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥባል፤ በዚያ ዋጋ ሲሰላ ቁጠባው በወር ወደ ሁለት ብር ገደማ ነበር። አነስተኛ ፍጆታ ላለው ቤተሰብ ይህ ገንዘብ አዲስ አምፖል ለመግዛት የሚያነሳሳ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም እና በ2017 ዓ.ም ተግባራዊ መሆን የጀመሩት የታሪፍ ማሻሻያዎች ብዙ ኃይል የሚጠቀሙ ደንበኞችን ሂሳብ ከፍ በማድረጋቸው፣ ቁጠባ ለእነዚህ ቤተሰቦች የሚያስገኘው ጥቅም ጎልቶ እንዲታይ አድርገዋል።

ማገዶውን የሚሸከመው ማን ነው?

በከተማ ማገዶና ከሰል በገንዘብ ይገዛሉ። በአብዛኛው የገጠር ክፍል ግን ማገዶ፣ ጭራሮና ኩበት የሚሰበሰቡት በቤተሰቡ ጉልበት ነው፤ ጉልበቱም በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ነው። በመሆኑም የከተማው ቤተሰብ ማገዶ ሲቆጥብ ገንዘብ ያተርፋል፤ የገጠሩ ቤተሰብ ግን የሚያተርፈው የሚስትንና የልጆችን ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ ገንዘብ አድርጎ የሚቆጥር የቤት ኃላፊ ከሌለ፣ ለምድጃው የሚወጣው ብር ያለ ምትክ የወጣ መስሎ ይታያል።

በባንግላዴሽ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2013 ይፋ የሆነ ጥናት ጉዳዩን በግልጽ አሳይቷል። ምድጃዎች በነፃ ሲቀርቡ ሴቶች ጢስ የሚቀንሰውን ምድጃ ከወንዶች ይበልጥ የመረጡ ሲሆን፣ ዋጋ ሲጠየቅበት ግን ምርጫቸውን ተግባራዊ ለማድረግ አልቻሉም፤ ምክንያቱም የገንዘብ ውሳኔው በባሎቻቸው እጅ ነበር። ሁኔታው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ማጀቱ የሴቷ፣ ገበያ የሚወጣው እህልና በግ የሚሸጥበት ገንዘብ ደግሞ የባልየው በሆነበት ቤት፣ ጢሱን የምትታገሠው አንዷ፣ ኪሱን የሚፈታው ሌላው ነው።

በ2008 ዓ.ም ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከአራት ቤተሰቦች አንዱ በሴት ይመራል። በእማወራ በሚመራ ቤት የመወሰን ሥልጣኑና የማብሰል ሥራው በአንድ ሰው እጅ ስለሚገኙ፣ ምድጃውን የመፈለግ ዝንባሌ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ብዙዎቹ እማወራዎች የገንዘብና የብድር አቅማቸው ውስን በመሆኑ ፍላጎታቸው በግዢ ሳይደመደም ይቀራል። ስለሆነም ባል ባለበት ቤት የሚጎድለው የሴቷ ሥልጣን ሲሆን፣ ባል በሌለበት ቤት የሚጎድለው ገንዘብ ነው። ሁለቱን በአንድ መፍትሔ ማከም አይቻልም፤ ለመጀመሪያው ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጦ ማወያየት፣ ለሁለተኛው ደግሞ ብድር ማመቻቸት ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አለመሆኑንም መዘንጋት አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ በዓለም 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች ለሞት የተዳረጉ ሲሆን፣ ከእነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በኢትዮጵያ ከሕዝቡ 47 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች መሆኑን የ2008 ዓ.ም ጥናት አመልክቷል። ሕፃን አዝላ በጢስ መካከል የምትጋግር እናት ባለችበት ቤት ምድጃ የመቀየሩ ጥቅም ከማንኛውም ቤት የላቀ ነው።

ትምህርትና ዕድሜ

በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች በብዛት ከሚስማሙባቸው ነጥቦች አንዱ የትምህርት ድርሻ ነው። የቤተሰቡ ኃላፊ በተለይም የቤቱ እመቤት የተማረች ስትሆን አዲስ መሣሪያን የመቀበል ዕድሉ ይጨምራል። የተማረ ሰው መረጃ ለማግኘት ይቀለዋል፤ የዛሬን ወጪ ከነገ ቁጠባ ጋር አነፃፅሮ ማስላትም ይችላል። በኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጤናማ የቤት አያያዝን ከጥቅሎቹ አንዱ ማድረጉ፣ መደበኛ ትምህርት ላላገኙ እናቶች መረጃ የሚደርስበትን አንድ መንገድ ከፍቷል።

ዕድሜን በተመለከተ ሁኔታው የተወሳሰበ ነው። አረጋውያን ለረጅም ዘመን የለመዱትን ምድጃ ለመተው የሚቸገሩት በግትርነት ብቻ አይደለም። በደጋው የአገሪቱ ክፍል ምድጃ ማብሰያ ብቻ ሳይሆን ብርድ ማባረሪያ፣ የማታ ብርሃንና የቤተሰብ መሰብሰቢያም ነው። ጢሱ የሣር ክዳኑን ከምስጥና ከተባይ ይጠብቃል ተብሎም ይታመናል። ምርጥን የመሰለ ምድጃ እሳቱን ከልሎ ስለሚይዝ ከእነዚህ አገልግሎቶች ከፊሉን ያስቀራል። በመሆኑም ለአንድ ሽማግሌ ምድጃው አንድ ነገር ሰጥቶ ሌላ የሚወስድ ዕቃ ነው። የሚጦራቸው ልጅ በቤት ያላቸው አረጋውያን ግን በልጃቸው ወይም በምራታቸው በኩል አዲሱን ዘዴ ይቀበላሉ።

የሰው ጉልበትና የሀብት ጥምረት ከሚጠይቁ ዘዴዎች መካከል ባዮጋዝ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ በ2008 በተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም የመጀመሪያ ምዕራፍ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች 14 ሺህ ማብላያዎችን ለመገንባት ታቅዶ ነበር። ማብላያው ያለማቋረጥ እንዲሠራ ቢያንስ አራት ከብቶች፣ በአቅራቢያ የሚገኝ ውኃና እበቱን በየዕለቱ ከውኃ ጋር የሚያዋህድ ሰው ያስፈልጋል። ከብት የሌላት እማወራም ሆነች ልጆቻቸው ወደ ከተማ የሄዱባቸው አዛውንት ከዚህ ፕሮግራም ተጠቃሚ ለመሆን ይቸገራሉ።

የቤት ባለቤትነትና የጋራ ቆጣሪ

በከተሞች ከቤተሰብ ሁኔታዎች ሁሉ ጎልቶ የሚታየው የቤት ባለቤትነት ነው። ተከራይ በማንኛውም ጊዜ ሊለቅ በሚችለው ቤት ላይ ገንዘብ ለማውጣት አይደፍርም። ምርጥ ምድጃ ከብዶ የሚገጠም በመሆኑ ተሸክሞ ለመሄድ አይመችም። የኤሌክትሪክ መስመር ማደስ፣ የተበላሸ ማብሪያ ማጥፊያ መቀየር ወይም ለምጣድ የሚሆን ወፍራም ሽቦ ማስዘርጋትም የአከራዩ ሥራ እንጂ የተከራዩ አይደለም። አከራዩ በበኩሉ የሚጋግረው ተከራዩ በመሆኑ ለማሻሻያው ወጪ የሚያደርግበት ምክንያት አይታየውም። ወጪው በአንዱ፣ ጥቅሙ በሌላው ዘንድ ሲሆን ሥራው ሳይሠራ ይቀራል።

በአንድ ግቢ ውስጥ በርካታ ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ችግሩ የከፋ ይሆናል። ሂሳቡ በአምፖል ወይም በሰው ቁጥር ተከፋፍሎ ሲከፈል፣ አምፖሉን የቀየረ ተከራይ ያተረፈው ገንዘብ ለሁሉም ይከፋፈላል፤ ያልቀየረው ደግሞ የቀየረውን ያህል ይጠቀማል። ከዚህም በላይ የሁሉም ፍጆታ በአንድ ቆጣሪ ተደምሮ ስለሚቆጠር፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ዝቅተኛ እርከን ላይ ሊያርፉ የሚችሉ ቤተሰቦች ከፍተኛውን ዋጋ ለመክፈል ይገደዳሉ። በመሆኑም ለአነስተኛ ተጠቃሚ ታስቦ የተሰጠው ድጎማ ለራሱ ቆጣሪ ላለው እንጂ ለደባሉ አይደርስም።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ በተቃራኒው ያለውን ገጽታ ያሳያሉ። ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ ቤተሰብ የራሱ ቆጣሪ ይኖረዋል፤ በፎቅ ላይ እንጨት ማንደድ ስለማይቻል ግን ጋገራውን ወደ ኤሌክትሪክ ለማዞር ይገደዳል፤ አለያም በግቢው የጋራ መገልገያ ሕንፃ ይጠቀማል ወይም እንጀራ ይገዛል። ቤተሰቡ መሣሪያውን የቀየረው ስለ ኃይል ቁጠባ ተምሮ ሳይሆን የሚኖርበት ቤት ስለተቀየረ ነው።

ከአምፖል ስርጭቱ የተገኘ ትምህርት

ዋጋን ከመንገድ ላይ ማንሳት የሚያስገኘው ውጤት በአምፖል ስርጭቱ ታይቷል። አገሪቱ በ2001 ዓ.ም በኃይል እጥረት ምክንያት በፈረቃ እስከ መጠቀም በደረሰችበት ወቅት፣ የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን ለደንበኞች በነፃ ወደ ማዳረስ ገብቶ ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ 350 ሺህ አምፖሎች ተሰራጭተዋል።

በዓለም ባንክ እ.ኤ.አ በ2013 የወጣ የግምገማ ጥናት፣ በዚህ ምዕራፍ የአንድ ደንበኛ ፍጆታ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት መቀነሱንና በጠቅላላው 13 ነጥብ 3 ሜጋዋት ያህል ኃይል መቆጠቡን ገልጿል። ጥናቱ በተጨማሪ፣ ስርጭቱ ካበቃ በኋላ በ18 ወራት ውስጥ ከመጀመሪያው ቁጠባ 20 በመቶ ያህሉ መጥፋቱን አመልክቷል። ሂሳቡ የቀነሰለት ቤተሰብ ተጨማሪ ብርሃን ወይም ተጨማሪ መሣሪያ መጠቀሙ የሚጠበቅ ነው። ልጆቹ በማታ እንዲያጠኑ አንድ አምፖል የጨመረ ቤተሰብ አባከነ ሊባል አይችልም፤ ይሁንና የቁጠባ ዕቅድ የሚያወጣ አካል ይህን አስቀድሞ ሊያሰላው ይገባል።

ስለ ምርጥ ምድጃ በገጠር ቤተሰቦች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ በ2015 ይፋ የሆነ ሌላ የዓለም ባንክ ጥናትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ እንዲደረግ ያስገነዝባል። ጥናቱ ምድጃው ለአንድ ቤተሰብ በዓመት በአማካይ 634 ኪሎ ግራም ማገዶ እንደሚቆጥብ አረጋግጧል። መጠኑ ከፍተኛ ቢሆንም ቀደም ሲል ከተሰጠው ግምት ግማሽ ያህሉ ነው። ምድጃን ማሰራጨትና በምድጃው መገልገል የተለያዩ መሆናቸውን አኃዙ ያሳያል።

ሁለቱም ሥራዎች ያልደረሷቸው ቤተሰቦች መኖራቸውም አይካድም። በ2008 ዓ.ም የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ የነበሩት በከተማ 93 በመቶ፣ በገጠር ደግሞ 8 በመቶ የሚሆኑት ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። በቆጣሪ በኩል የሚሰጥ ነፃ አምፖል በባሕርዩ የከተማ ነዋሪውን፣ ከከተማም ባለ ቆጣሪውን የሚያስቀድም ነበር።

ቤተሰብን ለይቶ የመድረስ ልምድ

የቤተሰብን ሁኔታ ለድጋፍ መለያ ያደረጉ አገሮች ልምድ ትምህርት ሊሰጥ ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ1976 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የቤት ማሻሻያ ድጋፍ ፕሮግራም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤቶች በነፃ በማደስ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ የሚወጣውን ኃይል ይቀንሳል። በፕሮግራሙ ቅድሚያ የሚሰጠው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕፃናት ላሉባቸው ቤተሰቦች ነው። የአሜሪካው ችግር የግድግዳና የጣሪያ ሙቀት መጠበቅ፣ የኢትዮጵያው ደግሞ የምድጃና የምጣድ ቢሆንም፣ መርሁ ግን አንድ ነው፤ ከቁጠባው ይበልጥ የሚጠቀመውን አስቀድሞ ለይቶ መድረስ።

በኢትዮጵያም ይህን ለማድረግ የሚያስችሉ መሠረቶች አሉ። በየቀበሌው የሚገኙት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አረጋዊ መኖሩን ያውቃሉ። አነስተኛ የብድር ተቋማት የምድጃን ዋጋ በየጊዜው በሚከፈል ገንዘብ መከፋፈል ይችላሉ። የእናቶች ዕቁብም በአንድ ጊዜ የማይቻለውን ግዢ በተራ እንዲቻል የሚያደርግ፣ ባለቤቷ ራሷ የምታዝበት ገንዘብ ነው። በአከራይና ተከራይ መካከል ላለው ችግር ደግሞ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ቆጣሪ ማዳረስ ከማንኛውም ቅስቀሳ የበለጠ ውጤት ያመጣል።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀውና 5 ሺህ 150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የአገሪቱን የኃይል አቅርቦት በከፍተኛ ደረጃ አሳድጓል። የኃይል መብዛት ግን የቁጠባን አስፈላጊነት አያስቀርም። ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ የሚዞረው ቤተሰብ በጨመረ ቁጥር በምሽት ሰዓት በማከፋፈያ መስመሮች ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ መስመሩ ያልደረሰው ቤተሰብም ማገዶ ማንደዱን ይቀጥላል።

ቆጣቢ ምድጃና አምፖል ማምረት የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ማን እንደሚጋግር፣ ማን እንደሚከፍልና ቤቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። የስርጭት ሪፖርቶች የተሠራጨውን ምድጃ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ምድጃው የገባበትን ቤት ዓይነት ጭምር መዝግበው ሲያቀርቡ፣ ወደኋላ የቀረው ቤተሰብ የትኛው እንደሆነና ምን እንደሚጎድለው በግልጽ ይታወቃል።